በፖሊስ ሥር ባለ የተጎጂዎች ድጋፍ ክፍል ውስጥ ምስጢር መጠበቅ ይቻላል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድ ለዓመታት በአማርኛ አስተርጓሚነት ስሠራ ቆይቼ፣ አሁን በአንድ የፖሊስ መምሪያ የወንጀል ተጎጂዎች ድጋፍ ክፍል ለመቀጠር ሰኞ ቃለ መጠይቅ አለብኝ። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፦ በባሏ የተደበደበች የአገሬ ልጅ «እህቴ፣ ይህንንስ ለማንም እንዳትነግሪብኝ» ብላ ስትለምነኝ፣ የፖሊስ መታወቂያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እሺ ማለት እችላለሁ?

መልስ 1
በዐቃቤ ሕግ ቢሮ በዚሁ ሥራ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ አይችሉም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በብሬዲ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹን የሚጠቅም ማስረጃ ለመከላከያው የመስጠት ግዴታ ያለበት ሲሆን፣ በ1995 ደግሞ ግዴታው ፖሊስ የሚያውቀውንም እንደሚጨምር ተወስኗል፤ ስለዚህ እርስዎ የሰሙት መርማሪው እንደሰማው ሊቆጠር ይችላል። በግል መጠለያዎች የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ግን በበርካታ ክፍለ ግዛቶች የባለጉዳያቸው ምስጢር በሕግ የተጠበቀ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ጉዳት ነው፦ አንዲት ሴት ሻይዋን እየጠጣች «እኔም እኮ ድስት ወርውሬበታለሁ» ስትለኝ ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩት፤ ከሁለት ወር በኋላ የተከሳሹ ጠበቃ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ችሎት ላይ አነበበው። ከዚያ ወዲህ ባለጉዳይዋ ወንበር ስባ ሳትቀመጥ፣ ምን መደበቅ እንደማልችል አስቀድሜ እነግራታለሁ።

መልስ 2
የተባለው ልክ ቢሆንም ሥራው ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ከሕግ አስከባሪዎች ጋር ለሚተባበሩ የወንጀል ተጎጂ ስደተኞች ለሚሰጠው ዩ ቪዛ (U visa) የሚያስፈልገውን ማረጋገጫ የሚፈርመው እንደ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ያለ አካል ነው፤ ከተፈረመ ስድስት ወር ያለፈው ማረጋገጫ ተቀባይነት የለውም፤ ወረቀቱ በማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ የሚያውቅ የውስጥ ሰው ብዙ ይረዳል። በነገራችን ላይ፣ ደመወዙ ከየት እንደሚከፈል ይጠይቁ። በ1984 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የተጎጂዎች ፈንድ በዋናነት ከግብር ሳይሆን በፌዴራል ወንጀለኞች ላይ ከሚጣል መቀጮ ስለሚሰበሰብ፣ መቀጮው ሲቀንስ መደቡም ይነቃነቃል።

ጠያቂዋ
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እዚህ ሐበሻው በቤተ ክርስቲያንና በዕድር ስለሚተዋወቅ፣ ተጎጂዋ የማውቃት ሰው ብትሆንስ?

መልስ 1
ጉዳዩን ለባልደረባዎ ያስተላልፉ፤ ከሌላ ክፍለ ግዛትም በስልክ የሚያስተረጉምላት ሰው ያስመድቡላት። ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ፤ አንደኛዋን በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ባገኛት፣ እንደወትሮው ሰላም ብላኝ አለፈች።