ቡሬ ላይ የበቆሎ መጋዘን ልከራይ ነው፤ ቤቱን ሳይ ምኑን ልመልከት?

የቡሬዋ
ሰላም ወገኖች። ኅዳር ላይ ከገበሬ በቆሎ ገዝቼ እስከ ክረምት ላቆይ አስቤያለሁ። አንድ ባዶ ቤት አግኝቻለሁ፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። 400 ኩንታል ይይዛል ብለውኛል። ከመፈረሜ በፊት ምን ልይ? ነቀዙንስ? ሰው ሁሉ «መድኃኒት አድርጊበት፣ በቃ» ነው የሚለኝ።

ንብረት ክፍል
እህቴ፣ በእህል መጋዘን ንብረት ኃላፊነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መድኃኒቱን ለጊዜው ተይው። መጋዘን እህል አያደርቅም፤ እርጥብ ያስገባሽው በቆሎ ክምሩ ውስጥ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን ደግሞ ቢቀቅሉትም የማይለቅ መርዝ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራሽ ሚዛኑ ጋ ነው፦ ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ያለውን አታስገቢ።

መለኪያ ከሌለሽ ጨውና ጠርሙስ ይበቃሻል። ጨዉን በምጣድ አድርቂው፣ ይቀዝቅዝ። ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስ ሲሶውን በቆሎ አድርጊበት፣ ጥቂት ማንኪያ ጨው ጨምሪና ደህና አድርገሽ ናጪው፤ ከዚያ አሳርፊው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ መልሺው። ካልተለጠፈም ከ15 በታች መሆኑን ብቻ ነው የሚነግርሽ፤ ወደ 13 እንዲወርድ ሸራ ላይ ፀሐይ ይምታው። ናሙናውን ከማዳበሪያው አፍ ብቻ አትውሰጂ፣ ከመሃልና ከሥርም ይሁን። ላዩ ደረቅ፣ ሥሩ እርጥብ የሆነ ስንት አይቻለሁ!

ቤቱን በጠራራ ፀሐይ ሄደሽ እዪ። በሩን ዝጊና ወደ ጣሪያው ቀና በዪ፤ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ ዝናብም ይገባበታል። የግድግዳውን ስንጥቅ አስደፍኚ፣ የድሮ እህል ትቢያ ጥግ ላይ አይቅር፤ ነቀዙ እዚያ ነው የሚጠብቅሽ። ሊሾ እርጥበት ይስባል፣ ስለዚህ ማዳበሪያው የእንጨት ፓሌት ላይ ይደርደር፣ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ዙሪያውን ካልዞርሽ አይጥ መግባቱን አታውቂም፣ መቁጠርም አትችዪም። 400 ያሉሽ ግድግዳ ለግድግዳ ሞልተው ከሆነ ብዙ ቀንሺለት።

እያንዳንዱ ክምር ቢን ካርድ፣ ማለትም የራሱ መመዝገቢያ ካርድ ይኑረው፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ።

ደጀን 12
ፒክስ ከረጢትንም አስቢበት። ውስጡ ሁለት ላስቲክ፣ ውጪው ማዳበሪያ ነው። አየሩን አስወጥተሽ እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ ጥብቅ አድርገሽ ስታስሪው ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ ያለ ምንም ኬሚካል። ደረቅ እህል ግን ግድ ነው። አይጥ ከበሳው ደግሞ ጥቅሙ ያበቃል።

የቡሬዋ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! ግን ጎረቤቴ ያንን የነቀዝ መድኃኒት ጽላት በየማዳበሪያው ነው የሚጨምረው። ምን ችግር አለው?

ንብረት ክፍል
ተይ እህቴ! ጽላቱ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዝ ብቻ አይደለም፣ ሰውም ይገድላል። የሠለጠነ ባለሙያ ነው ክምሩን ጋዝ በማያስወጣ ሸራ ሸፍኖ፣ ጠርዙን በአሸዋ ከረጢት ተጭኖ፣ ለቀናት ዘግቶ የሚሠራው። ቤቱ ከመኖሪያ ጋር ግድግዳ ይጋራል እንዴ?

የቡሬዋ
አዎ፣ ከጀርባው ልጆች ያሏቸው ተከራዮች አሉ።

ንብረት ክፍል
እንግዲያውስ እዚያ ቤት ጽላት የሚባል ነገር አይግባ። ወይ ሁሉንም በፒክስ አድርጊው፣ ወይ ለብቻው የቆመ ቤት ፈልጊ። ኅዳር ገና ነው፣ ጊዜ አለሽ።