«የአይጥ ወጥመድ» በአማርኛ፦ የጋራ ሐሳባችን፣ 2ኛ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ የምናቀርበው የአጋታ ክሪስቲን የወንጀል ተውኔት (The Mousetrap) ነው፤ በረዶ በዘጋው የእንግሊዝ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ገዳይ ይፈለጋል። የተስማማንበት ይኸው። ሙሉ ዝግጅት ሳይሆን መድረክ ላይ የሚቀርብ ንባብ፤ 8 ተዋናይ (5 ወንድ፣ 3 ሴት)፤ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ አዳራሽ፤ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል። ርዝመቱ ከእረፍቱ ጋር ከ2 ሰዓት ትንሽ ስለሚያልፍ ሰው ታክሲ ሳይጠፋ ይበተናል። የትርጉምና የማሳየት ፈቃድ በጽሑፍ ሳይደርሰን ጥናት አንጀምርም። የጎደለው «ለምን ይህን ተውኔት?» የሚለው መግቢያ ነው።

ተርጓሚ፦ እኔ ልሞክረው። ከኅዳር 1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለንደን ላይ ሳይቋረጥ ሲታይ ቆይቶ ያስቆመው የ2020ው ኮሮና ነው፤ በ2021 ተመለሰ። ተመልካቹ ገዳዩን ለማንም እንዳይናገር ይለመናል፤ ብዙ ሰው ተውኔቱ ይህን ያህል የቆየው በዚህ ምክንያት ነው ይላል። ለእኔ ግን ዋናው ፍንጩ ሁሉ ዓይናችን ሥር እያለ ሳናየው ማለፋችን ነው። መልሱን የሚያውቅ ሰውም ሁለተኛ ሲያየው ይዝናናበታል።

የሚያስጨንቀኝ አማርኛው ነው። እንግሊዝኛው «ገዳይ» ሲል ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። እኛ «ገደለ» ካልን ሦስቱ ሴቶች ከጥርጣሬ ወጡ ማለት ነው። ስለዚህ ግሱን ወደ ሟች እናዙረው፦ «ተገደለች»። ከዚህ የሚብሰው «አንተ»ና «እርስዎ» ነው፤ አንድ ያመለጠ «አንቺ» ስንት የተደበቀ ነገር ያወጣል! የማረፊያው ባለቤቶች የሆኑት ባልና ሚስት እርስ በርስ «አንተ»፣ «አንቺ» ይባባሉ፤ ሌላው ሁሉ «እርስዎ»። በሰንጠረዥ አወጣዋለሁ።

ዲኮር፦ በረዶውን በክረምት ዝናብ እንተካ የተባለውን አልደግፍም። ዝናብ ያባራል፣ በጭቃም ቢሆን ሰው በእግሩ ይወጣል። በረዶው ግን መንገዱን ዘግቶ፣ መርማሪውን በበረዶ መንሸራተቻ አምጥቶ ቤቱን ይቆልፈዋል። ታሪኩ እዚያው እንግሊዝ ይቆይ። በረዶ እንዲመስል ከውጭ በሚገቡት ትከሻ ላይ የሚነሰነሰው ጨው አይሁን፣ ወለሉን ያንሸራትታል፤ የተፈረፈረ የፍራሽ ስፖንጅ ይበቃል።

መብራት፦ የመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ላይ በበሩ እጅ ይገባና መብራቱን ያጠፋል። ማጥፊያው ሽቦ አይኑረው፤ እውነተኛውን የምናጠፋው እኛ ነን፣ የምንከተለውም እጁን እንጂ ቃል አይደለም። ከዘገየን አዳራሹ ይስቃል። እጁ ጓንት ያድርግ፤ ቀለበት ከታየ ምስጢሩ አለቀ። በጨለማ ወረቀት ስለማይነበብ እዚያ ያለውን ቃለ ተውኔት በቃል ያጥኑ። ሬዲዮው ጮክ ይበል፣ ኮቴ ይሸፍናል። መብራት ከምር ከሄደ ደግሞ ተመልካቹ የትያትሩ አካል ስለሚመስለው አይደነግጥም (ለአንድ ጊዜ ጠቀመን)፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ተዋናዮቹ ካሉበት አይንቀሳቀሱ።

ተርጓሚ፦ ዜማውን ረስተን ነበር። የሦስቱ ዕውር አይጦች መዝሙር ለእንግሊዝ ልጅ የአፍ መፍቻ ነው፣ እዚህ ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። መጋረጃው ሳይከፈት በጨለማ ሁለቴ እናሰማው፤ በኋላ በፒያኖ ሲመጣ ጆሮ ይለየዋል። ግጥሙን ግን አልተረጉምም።

ሰብሳቢ፦ ይግባ። ሰንጠረዡ እስከ ረቡዕ ይድረሰኝ። ፖስተሩ ላይ የስምንቱም ፎቶ እኩል መጠን ይሁን፤ አንዱ ጎልቶ ከወጣ ሰው ገና በር ላይ እሱን መጠርጠር ይጀምራል።