84 ከመቶ ያገኘ ሰው ሕግ አይመለከተውም?

የቂርቆስ ልጅ፦ ስለ ኤል ሳልቫዶር ምርጫ አንዱ የጻፈውን አይታችኋል? «ፕሬዚዳንቱን ቡኬሌን 84 ከመቶ መርጦታል። ሕዝብ ከመረጠ ሕገ መንግሥቱ ምን አገባው?» ይላል። ከሥሩ ያለው ጭብጨባ ነው ያናደደኝ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024 የተወዳደረው ሰውዬ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ነው። የአገሩ ሕገ መንግሥት ደግሞ ያኔ በተከታታይ መመረጥን ይከለክል ነበር። የያኔውን አንቀጽ 152 ያነበበ አለ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ እዚህ ሜሪላንድ ከሳልቫዶሮች ጋር ነው የምሠራው። የአንዱ እናት ሶያፓንጎ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላት። ለጋንጎቹ፣ ለወሮበላ ቡድኖቹ ማለቴ ነው፣ «ሬንታ» የሚሉትን የማስፈራሪያ ገንዘብ ስትከፍል ነው የኖረችው። ካልከፈሉ ይገድላሉ፣ በቃ። አሁን እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ከፍታ ትሸጣለች። አንቀጹን ለእሷ ንገራት።

የቂርቆስ ልጅ፦ ሰላም ማግኘቷ ከልብ ደስ ይለኛል። እኔ የያዝኩት ግን «ምን አገባው» የሚለውን ነው። ሜይ 1 ቀን 2021 አዲሱ ፓርላማ ሥራ በጀመረበት ዕለት የሕገ መንግሥት ችሎቱን ዳኞችና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን አባረረ። በእነሱ ቦታ የገቡት ዳኞች በሴፕቴምበር «መወዳደር ይችላል» ብለው ወሰኑ። ሕገ መንግሥቱ የማያገባው ከሆነ ዳኛ መቀየር ለምን አስፈለገ? ቡኬሌስ ከምርጫው በፊት ስድስት ወር ፈቃድ ወጥቶ የግል ጸሐፊውን በተጠባባቂ ፕሬዚዳንትነት ማስቀመጡ ለምን?

እቴጌ፦ ወንድሜ፣ የድሮዎቹ ዳኞች ሰው ሲያልቅ የት ነበሩ? እ.ኤ.አ. በ2015 ከ100 ሺህ ሰው ከ100 በላይ ይገደል ነበር። በ2023 መንግሥት ያወጣው ቁጥር 2.4 ነው። አሬናና ኤፍኤምኤልኤን የሚባሉት ሁለት ፓርቲዎች 30 ዓመት ተፈራርቀው ገዙ። ከፕሬዚዳንቶቻቸው ሳካ በሙስና ታሰረ፣ ፉኔስ ኒካራጓ ሸሸ። ሕዝቡ ማንን ይምረጥ ነው የምትለው?

ቆጠራ፦ እቴጌ፣ ግድያው እኮ ከ2015 በኋላ በየዓመቱ እየቀነሰ ነበር፤ ቡኬሌ በ2019 ከመምጣቱ በፊት። እሱ ይቅር። «ሕዝብ ከመረጠ» ካላችሁ ፓርላማውን እዩት። ምርጫው ወራት ሲቀሩት ወንበሩን ከ84 ወደ 60 ቀነሱ፣ የድልድሉን ቀመርም ለወጡ። የቡኬሌ ፓርቲ 70 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ 54 ወንበር ወሰደ። 90 ከመቶ ማለት ነው። ትርፉን ወንበር ሕዝብ አልሰጠውም። የውጭ ነዋሪው ድምፅ በሙሉ ደግሞ ዋና ከተማዋ ላለችበት ለሳን ሳልቫዶር የምርጫ ክልል ተደመረ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የውጭውን ድምፅ ምን አመጣው? አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በስልኩ መረጠ፣ መብቱ ነው። ያን አገር የያዘው እኮ የሚልኩት ገንዘብ ነው።

የቂርቆስ ልጅ፦ ገንዘብ የላከ ሁሉ መንግሥት ይሹም ማለት ነው? ውጭ ያለው ማታ ተኝቶ ያድራል። ፖሊስ ሊያስረው በሩን የሚያንኳኳበት እዚያ ያለው ሰው ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለምን ተሰደደ ታዲያ? ከጋንግ ሸሽቶ ነው! ዲያስፖራ መስደብ ልማድ ሆኗል።

ጠበቃ፦ ዲያስፖራውን ተዉትና በሩ ወደሚንኳኳበት ሰው ተመለሱ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከማርች 2022 ጀምሮ በየወሩ እየታደሰ ነው። ምርጫው የተካሄደው በዚያ ሥር ነው። እስከዚያ ከ75 ሺህ በላይ ሰው ታስሯል። 7 ሺህ ገደማውን መንግሥት ራሱ ለቋል። ማሪዮና እስር ቤት በር ላይ እናቶች ሳሙና፣ ምግብና ነጭ ልብስ ይዘው ይሰለፋሉ። ልጃቸው በሕይወት ይኑር አይኑር የሚነግራቸው የለም። እነሱም ሕዝብ ናቸው።

እቴጌ፦ በጋንግ ልጃቸውን የቀበሩትስ? እናንተ ወንበር ትቆጥራላችሁ፣ እነሱ ሬሳ ሲቆጥሩ ኖረዋል። ማርች 26 ቀን 2022 ብቻ 62 ሰው ተገድሏል። አዋጁ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ጠበቃ፦ እህቴ፣ ያን ቀን እኔም አልረሳሁትም። ከዚያ በፊት ግን የአሜሪካ ግምጃ ቤት የእስር ቤቶቹን ኃላፊ ከጋንጎች ጋር በድብቅ ተደራድሯል ብሎ ማዕቀብ ጥሎበታል፣ ዲሴምበር 2021። ይህንንም ጨምሪበት።

እቴጌ፦ አሜሪካ ያለችው ሁሉ እውነት ሆነ?

የቂርቆስ ልጅ፦ «ምን አገባው» ለሚለው እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ጁላይ 31 ቀን 2025 ፓርላማው በ57 ለ3 ገደብ የሌለው መመረጥን አጸደቀ። የሥልጣን ዘመኑን ከአምስት ወደ ስድስት ዓመት አሳደገ። ቀጣዩን ምርጫም ወደ 2027 አመጣው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ በ2027ም ይመርጡታል። ካርዱ የእነሱ ነው።

ቆጠራ፦ ያን ያህል እርግጠኛ ከሆኑ፣ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ሲጠፋ የሚደረገውን ሁለተኛ ዙር ምርጫ ለምን ሰረዙት? በዚያው ዕለት እኮ ነው የሰረዙት።