ጥሻ ውስጥ ለዱር አሳማ የትኛው ካሊበር (የጥይት መጠን) ይሻላል? (ቴክሳስ)

ካውፍማን_ፍየል፦

ሰላም ቤተሰብ። ከዳላስ በስተምሥራቅ፣ ካውፍማን ካውንቲ ውስጥ 18 ኤከር መሬት አለችኝ። ፍየል አረባለሁ፣ ጥግ ላይ ጎመንና ድንች እተክላለሁ። ከመሬቱ ጀርባ ፈፋ አለ፣ ዙሪያው ጥሻ ነው። የዱር አሳማው ሌሊት ከዚያ እየወጣ ማሳዬን ሲገለብጠው ያድራል። አጥሩንም ከሥር እየፈለፈለ ፍየሎቼን አስወጣብኝ።

የምተኩሰው ከ20 እስከ 60 ያርድ ቢሆን ነው፤ ከዚያ በላይ አይታይም። ያለኝ በ5.56 ጥይት የሚሠራ ኤአር-15 ጠመንጃ ነው። ጠመንጃ ቤት ስሄድ አንዱ .300 ብላክአውት ግዛ ይለኛል፣ ሌላው .308 ካልሆነ አይሞትም ይለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ የአባቱን .30-30 አውጥቶ “ይሄ ይበቃሃል” ይላል። አቁስሎ መልቀቅ አልፈልግም። ቆስሎ ጥሻ የገባ አሳማ ለልጆቼም አደጋ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ? የአደን ፈቃድስ ያስፈልገኛል?

ሂውስተን_ደቡብ፦

እኔ .308 ነው የምለው። ትልቁም ትንሹም ይወድቃል፣ ጥይቱም የትም ሱቅ አይጠፋም። አንዴ ገዝተህ ተገላገል።

ባላገሩ፦

ወንድሜ፣ ካሊበሩን ለጊዜው እናቆየውና ከአሳማው እንጀምር። እዚህ ሰፈር ሰው አሳማ የሚያቆስለው ብዙ ጊዜ ጥይቱ አንሶ አይደለም፤ ቦታውን ስቶ ነው።

አጋዘን የለመደ ሰው ከወርቹ ኋላ፣ ጎኑ መሀል ላይ ያነጣጥራል። አሳማ ላይ ግን እዚያ ስትተኩስ ሆዱን ነው የምታገኘው። የአሳማ ልብና ሳንባ ዝቅ ብሎ፣ ወደፊት ተጠግቶ፣ በሁለቱ ወርቾች መካከል ነው ያለው። ጎኑን ሰጥቶህ ሲቆም የፊት እግሩን መስመር ተከትለህ ወደ ላይ ውጣ። ከደረቱ ሥር ተነስተህ የቁመቱ አንድ ሦስተኛ ላይ ስትደርስ እዚያ ምታ። ጀርባው ላይ ያለው ጉብታ አያታልልህ። አከርካሪው ትከሻው ላይ ሲደርስ ከምታስበው በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው።

ዕድሜ የጠገበ አውራ ከሆነ ደግሞ ትከሻው ላይ ጋሻ አለው። ከቆዳው ሥር ያለ ወፍራም፣ ድርቅ ያለ ንጣፍ ነው። እርስ በርስ ሲጣሉ ከጥርስ የሚድኑበት ነው። ስትገፈው ቢላህን ያደነዝዘዋል። “አሳማ ጥይት አይበሳውም” የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ደህና ጥይት ይበሳዋል። ለኮዮቴ (ቀበሮ መሰል አውሬ) ተብሎ የተሠራ፣ እንደነካ የሚበታተን ቀላል ጥይት ግን እዚያው ላይ ተበትኖ ይቀራል። አሳማው ቆስሎ ይሄዳል።

ስለዚህ አንተ በምትለው ርቀት የእኔ ምርጫ .30-30 ነው። ጎረቤትህ ልክ ነው። ይህ ጥይት በፈረንጆቹ ከ1895 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ጫካ ለጫካ የሚያድን ሰው እስካሁን አልተወውም። ክብደቱ 150 ወይም 170 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ ነው)፣ ጫፉ እርሳስ የሆነውን ግዛ። ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ2,200 እስከ 2,400 ጫማ ገደማ ይሄዳል። በ60 ያርድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። መውጫ ቀዳዳ ካለ ደም ይፈሳል፤ ጥሻ ውስጥ የምትከተለው ደሙን ነው። ጠመንጃው አጭር ስለሆነ ቅርንጫፍ አይዝህም። ሌቨሩን (ከቃታው ሥር ያለውን ማቀባበያ እጀታ) ስበህ ሁለተኛውን ጥይት ለማቀባበል ከትከሻህ ማውረድ የለብህም።

አንድ ነገር ልብ በል። የሌቨሩ ጠመንጃ ጥይቶቹን በቱቦ ውስጥ በተርታ ነው የሚይዛቸው። የኋለኛው ጫፍ የፊተኛውን ቂጥ ይነካል። ስለዚህ ጠንካራ ሹል ጫፍ ያለው ጥይት እዚያ ውስጥ በፍጹም አታስገባ፤ ቱቦው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን፣ ወይም ለሌቨር ተብሎ የተሠራውን ለስላሳ ጫፍ ያለውን ብቻ።

.308 መጥፎ ነው አልልም፣ ወንድማችን ከላይ ያለው እውነት ነው። ግን 18 ኤከር ሰፊ አይደለም። .308 አሳማውን አልፎም ሆነ ስቶ ሲሄድ ብዙ ጉልበት ይዞ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ጥይትህ ያለ ጎረቤት ፈቃድ ወሰን ካለፈ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በ.30-30ም ቢሆን ወደ ፈፋው ቁልቁል የሚተኮስበትን ቦታ ምረጥ፣ አፈሩ ጥይቱን ይቀበልልሃል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ በፈረንጆቹ ከመስከረም (ሴፕቴምበር) 2019 ወዲህ በግል መሬት ላይ፣ ባለመሬቱ ከፈቀደ፣ ለዱር አሳማ የአደን ፈቃድ አይጠየቅም። ሌሊትም ይፈቀዳል።

ካውፍማን_ፍየል፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠመንጃው እስኪገዛ ግን ባለኝ 5.56 ልጠቀም? ደግሞ .300 ብላክአውት የአፈሙዝ ቱቦውን ብቻ ቀይሮ ካርታውም (የጥይት መያዣውም) ያው ነው ሲሉኝ ርካሽ መስሎኝ ነበር።

ባላገሩ፦

በ5.56 ይቻላል፣ ጥይቱን ቀይር እንጂ። ለዒላማ መለማመጃ የሚሸጠውን ሙሉ ሽፋን ያለውን ተወው፤ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ያልፋል። ከ60 ግሬን በላይ የሆነ፣ እርሳሱ ከሽፋኑ ጋር የተጣበቀ ወይም ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነ ጥይት ያዝ። ቆሞ እየበላ ከሆነና ቅርብ ከሆነ የጆሮ ግንዱን ምታው፣ እዚያው ይወድቃል። ሩጫ ላይ ከሆነ አትተኩስ።

ቅርብ ሆነህ ስትተኩስ ደግሞ ይህን አትርሳ። ኤአር ላይ ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ በላይ ወደ ሁለት ኢንች ተኩል ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። በ50 ያርድ አስተካክለህ በ15 ያርድ ብትተኩስ ጥይቱ ካሰብከው ወደ ሁለት ኢንች ገደማ ዝቅ ብሎ ይመታል። ለልብ ችግር የለውም። ለጆሮ ግንድ ግን በአንድ ምት መጣልና መንጋጋ ሰብሮ ማሠቃየት የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው። በካርቶን ላይ በ15፣ በ25ና በ50 ያርድ እየተኮስክ ለካው።

.300 ብላክአውት ራሱ ጥሩ ጥይት ነው። 110 ወይም 125 ግሬኑ በዚህ ርቀት አሳማ ይጥላል። ያልወደድኩልህ ከ5.56 ጋር አንድ ቤት መግባቱን ነው። ካርታው አንድ ነው፣ ጥይቱም በአንድ ካርታ ይገባል። የ.300ው ጥይት በስህተት 5.56 ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ ሊዘጋ ይችላል። ቃታውን ከሳብክ ወፍራሙ እርሳስ በቀጭኑ ቱቦ አያልፍም፤ ጠመንጃው ፊትህ ላይ ይፈነዳል። ይህ የደረሰባቸው ጥቂት አይደሉም። ሌሊት፣ በጨለማ፣ ጣቶችህ በርዶአቸው ካርታ የምትቀይር ሰው ነህ። ልጆችም አሉህ። ከገዛህ ካርታዎቹን በቀለም ለያቸው፣ ሁለቱን አንድ ቀን አታውጣቸው። እኔ ግን ብትተወው ደስ ይለኛል። .30-30 ጥይት የአንተ ኤአር ውስጥ ልግባ ቢል እንኳን አይገባም።

ሚጢጢ_ጋርላንድ፦

እኛ ቤት እሪያ አንበላም፣ ሥጋው ግን ሲበሰብስ ያሳዝናል። ለጎረቤት መስጠት ይቻላል?

ባላገሩ፦

እህቴ፣ ይቻላል፣ የሚበላ ጎረቤት ካለ ራሱ መጥቶ ቢገፈው ይሻላል። የዱር አሳማ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ይይዛል፣ ወደ ሰውም ይጋባል። በባዶ እጅ አይነካም፤ የላስቲክ ጓንት ማድረግ ነው። እጅ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ጭራሽ ባይጠጋ ይመረጣል። ሥጋው ውስጡ 160 ፋራናይት እስኪደርስ መብሰል አለበት። ጥሬውን ለውሻ አትስጡ፤ ከአሳማ የሚጋባ ሌላ በሽታ አለ፣ ሰውን አይነካም፣ ውሻን ግን ይገድላል። የሚወስድ ከጠፋ ከፈፋው ውሃ አርቃችሁ፣ ፍየሎቹ ከሚሰማሩበት ውጭ፣ ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።