የክረምቱ የውክፔዲያ ስልጠና ረቂቅ፦ ከእሁድ ጉባኤ በፊት እንጨርሰው

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። አራት ቅዳሜ፣ 20 ልጅ፣ ቦታው አዳራሻችን። ከየካ አባዶ ነዋሪዎች ማህበራችን ካዝና 9,000 ብር። ዓላማው እያንዳንዱ ልጅ ማንም ሊያርመው በሚችለው የኢንተርኔት መዝገበ እውቀት፣ በአማርኛው ውክፔዲያ ላይ፣ ምንጭ ያለው አንድ አንቀጽ ጽፎ እንዲወጣ ነው። ሀሳብ ያለው ዛሬ ይናገር።

ብሎክ 31፦ ያምናው አይደገም። 20 ልጅ በአንድ ዋይፋይ ሰበሰባችሁ። ስድስቱ አካውንት ከፈቱ፣ ሰባተኛው ላይ ቀጥ አለ። ከአንድ አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ከአንድ የኢንተርኔት መስመር፣ በቀን ከ6 በላይ አካውንት አይከፈትም። ይህን ሳናጣራ ነው ልጆቹን የጠራነው። የኔ ልጅ የሰው ስክሪን እያየ ሲቁለጨለጭ ዋለ።

ጸሐፊ፦ ልክ ነሽ። ዘንድሮ ቀደም ብለው በየቤታቸው ከፍተው ይመጣሉ።

መምህር፦ አካውንቱ ቀላሉ ነው። አምና አንዷ ልጅ የዓድዋ ጦርነት ላይ 1888 የሚለውን አየች። ስህተት መስሏት 1896 አደረገችው። እንግሊዝኛው ላይ ያየችው ነው። አንዱ ዓ.ም.፣ ሌላው እ.ኤ.አ. መሆኑን ማናችንም አልነገርናትም። ሌሎች አራሚዎች ወዲያው ወደ 1888 መለሱት። የተባረረች መስሏት ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «ታሪክ» የሚለውን መጫን ይልመዱ። ማን ምን እንደቀየረ እዚያ አለ። ካልገባቸው የውይይት ገጹ ላይ ይጠይቁ። ምንጭም ማለት መጽሐፍ ነው፣ የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ነው። «አያቴ ነገሩኝ» አይሆንም።

ብሎክ 12፦ ባነሩ ላይ «ዊኪፔዲያ» ነው ያለው። ረቂቁ «ውክፔዲያ» ይላል። የቱ ነው?

ጸሐፊ፦ ድረ ገጹ ራሱን ውክፔዲያ ብሎ ነው የሚጠራው።

ብሎክ 12፦ ሰው የሚያውቀው ዊኪፔዲያን ነው። ባነሩ ደግሞ ታትሟል። 2,400 ብር።

ገንዘብ ያዥ፦ ማን ፈቅዶ? እኔ የፈረምኩት ወጪ የለም።

ብሎክ 12፦ ከኪሴ ነው። ደረሰኝ አለኝ። ይተካልኝ።

ብሎክ 31፦ ጥንቃቄ ልናስተምር ጠርተናቸው በር ላይ የተሳሳተ ስም እንሰቅላለን?

ብሎክ 12፦ የተሳሳተ አትበይኝ! ማተሚያ ቤት ስመላለስ አንቺ የት ነበርሽ?

መምህር፦ ኧረ ተዉ ልጆች። ውክፔዲያም ላይ እኮ «ፀሐይ»ንም «ጸሐይ»ንም የጻፈ ሰው ወደ አንድ ገጽ እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል። ሁለቱም ያግባባሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ መምህር፣ የኔ ጥያቄ የሆሄ አይደለም። ያልተፈቀደ ወጪ ነው።

ብሎክ 12፦ እንግዲያው ባነሬን ወስጃለሁ። ከኮሚቴውም አውጡኝ።

ሰብሳቢ፦ ማንም አይወጣም። የባነሩ ይከፈል፣ ስሙ በስቲከር ይስተካከል። ከአሁን በኋላ ሳይፈረም ምንም እንዳይታተም።

ብሎክ 12፦ እሺ። ተናድጄ ነው፣ ይቅርታ።

ጸሐፊ፦ ብሎክ 5፣ ሁለት ላፕቶፕ አመጣለሁ ብለህ ነበር። ቃልህ እንዳለ ነው?

ጸሐፊ፦ ብሎክ 5? መልእክቱን አይተኸዋል፣ መልስ ስጠን።

ብሎክ 31፦ ላፕቶፕ ከሌለ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ዋሻ ሚካኤል ከየካ አባዶ ሩቅ አይደለም። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እዚሁ እያለን ያላዩት ልጆች አሉ። ራሳቸው ያነሱትን ቢጭኑ የባለቤትነት ጣጣ የለውም። አምና ከጎግል ያወረዱት ተሰርዟል።

ብሎክ 12፦ ሚኒባሱን ለኔ ተዉት። የማውቀው ሹፌር አለ።

ገንዘብ ያዥ፦ ከ9,000 ላይ 2,400 ሲነሳ 6,600 ይቀራል። ሚኒባስና ምሳ ከተጨመረ ለአራት ቅዳሜ አይበቃም።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ይሁን።

መምህር፦ አንድ? ፎቶ አንስተው ከተመለሱ በኋላ አንቀጹን መቼ ሊጽፉ ነው?

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አስተካክያለሁ። ርዕሱ «የወጣቶች የጉብኝትና የፎቶ ቀን» ሆኗል። እሁድ ለጉባኤው አቀርባለሁ።

መምህር፦ ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ይያዝልኝ። «ታሪክ» የሚለውን ገጽ በየስልካቸው አስከፍቼ አሳያቸዋለሁ። ያቺንም ልጅ እናቷን አናግሬ አመጣታለሁ።