«የጣላቸው» ወይስ የተወሰዱበት?

የአራት ኪሎው፦ ትናንት ማታ በሬዲዮ የአሜሪካዊውን የጃዝ ፒያኒስት የቢል ኢቫንስን የብቻ የፒያኖ ቅጂዎች ያሰማን አቅራቢ «ራሱ የጣላቸውን ሥራዎች ሲሞት ቸበቸቡበት» ማለቱ አናዶኛል። ኢቫንስ ቅጂዎቹን በአንድ ቀን፣ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 10 ቀን 1963፣ ሠርቶ በ1980 ዐረፈ፤ ለብቻቸው በአልበም የወጡት በ1989 እና በ1992 ነው። «ጣላቸው» የሚለው ከየት መጣ?

የካዛንቺሱ፦ ሰውዬው ከቀረጻው በኋላ ዐሥራ ሰባት ዓመት ኖሯል። በ1968 ብቻውን የቀረጸውን ሌላ አልበም አሳትሞ ግራሚ ተሸልሞበታል፤ ስለዚህ የብቻ ሥራ ማሳተም አቅቶት አልነበረም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ዘወር ብለው ያላዩት ነገር በአማርኛ ሌላ ምን ይባላል?

የአራት ኪሎው፦ ቴፑ የሙዚቃ አሳታሚው የሪቨርሳይድ እንጂ የእርሱ አልነበረም። እርሱ ወደ ሌላ አሳታሚ፣ ወደ ቨርቭ፣ ሲሻገር ሪቨርሳይድ በ1964 ከሰረ። በከሰረ ድርጅት መጋዘን የቀረን ቴፕ «ጣለው» ማለት፣ ቤቱ የታሸገበትን ተከራይ «ዕቃውን ጣለ» እንደማለት ነው።

ፒያኒስቷ፦ የመጋዘኑን ነገር ተዉትና ሙዚቃውን እንስማ። ከፊልም የፍቅር ዜማ ተነሥቶ ሳያቋርጥ «ናርዲስ» ወደተባለው የጃዝ ዜማ ሲሻገር፣ ባስም ከበሮም የማይደግፈው ግራ እጁ መንገዱን እየዳሰሰ ሲሄድ ይሰማል። ያን እወደዋለሁ። ነገር ግን አንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱም ሙከራዎች ታትመዋል፤ እኔ ብሆን አንዱን ብቻ እንጂ ሁለቱን አልፈቅድም ነበር።

የካዛንቺሱ፦ ይኸው፣ ባለሙያዋም መሰከሩልኝ።

ፒያኒስቷ፦ አልመሰከርኩልዎትም፤ «አልፈቅድም» ማለትና «ጣለ» ማለት ይለያያል።

ባለካሴቱ፦ እማሆይ ጽጌ ማርያም በ2023 ካረፉ በኋላ፣ አዲስ አበባ በቤታቸው የቀዱት መዝሙር በ2024 ሲወጣ ሁላችሁም በደስታ አልቅሳችኋል። ለፈረንጅ ሲሆን ነው እንዴ ኅሊና የሚነሣው?

የካዛንቺሱ፦ እማሆይን ከጃዝ ክርክር ያውጡልን። ያ አቅራቢም ጃዝ ምን እንደሆነ ባላወቅንበት ዘመን ያስተማረን ሰው ነው፤ በአንድ ቃል አይሰቀልም።

የአራት ኪሎው፦ ውለታው እንዳለ ነው፤ እርስዎ ግን ስለ ቴፑ ባለቤትነት አልመለሱልኝም።

የካዛንቺሱ፦ ዐሥራ ሰባት ዓመት ብያለሁ።

የአራት ኪሎው፦ እኔም መጋዘን ብያለሁ።