አዲስ የተጫነ ዴቢያን (የሊኑክስ ሲስተም) ጥቁር ስክሪን ብቻ ያሳያል፣ አስቸኳይ!

ኮፒ_ቤት_ጅማ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ። የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ዴቢያን 12 ጭኜ ስከፍተው ጥቁር ሆኖ ግራ ጥግ ላይ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ነገ ጠዋት መመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙ ተማሪዎች ይመጣሉ። ዳግም ልጫነው?

አባ_ተርሚናል፦ እህቴ፣ የግራፊክስ ካርዱ (ምስል የሚያወጣው) ምንድን ነው? ዴስክቶፑስ ግኖም ነው ኤክስኤፍሲኢ? “ጥቁር ሆነ” ብቻ ከተባለ መንስኤው ብዙ ነው። እነዚህን ሳይጽፉ እርዳታ መጠየቅ መልስ ሰጪውንም ማድከም ነው።

ቆጪ፦ ኖሞድሴት!

ሰባት_ቁጥር፦ ዳግም መጫን ለምን? ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጫኚ። የመግቢያ ስም ከጠየቀሽ ሲስተሙ ደህና ነው፣ የጠፋው ምስሉ ብቻ ነው። ዳግም ብትጭኚው ካርዱም ድራይቨሩም (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) ያው ስለሆነ እዚያው ትመለሻለሽ።

ኮፒ_ቤት_ጅማ፦ ስም ጠየቀኝ! ካርዱ ኤንቪዲያ ጂቲ 710 ነው፣ ዴስክቶፑ ኤክስኤፍሲኢ።

አጋሮ_ልጅ፦ ቡናው እስኪፈላ ይስተካከላል 😄 ኖሞድሴት ጨምሪ።

ሰባት_ቁጥር፦ የት እንደሚጨመር ሳይነገራት ምን ታድርግ? ኖሞድሴት ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) የካርዱን ድራይቨር እንዳይጠቀም የሚያደርግ ትእዛዝ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የግራብ (የማስነሻ ምናሌው) ዝርዝር ሲመጣ “ኢ” የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫኚ። “ሊኑክስ” ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ፣ ከ“ኳየት” ቀጥሎ አንድ ክፍተት ትተሽ ኖሞድሴት በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፊና ኤፍ10። ለአንድ መነሻ ብቻ ነው የሚሠራው። ምስሉ ግዙፍና ደብዛዛ ቢሆንም አይግረምሽ፤ ለነገ ማተሚያ ግን ይበቃል።

ዘላቂው መፍትሔ ድራይቨር ነው። ጂቲ 710 ኬፕለር የሚባል የቆየ ትውልድ ካርድ ስለሆነ የዴቢያን 12 ተራው የኤንቪዲያ ድራይቨር (535) አይደግፈውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሶርስስ ሊስት ፋይል (ፕሮግራሞች የሚወርዱባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ላይ ኮንትሪብና ነን-ፍሪ የሚሉትን ክፍሎች ጨምሪ፣ አፕት አፕዴት በዪ፣ ከዚያ ሊኑክስ-ሄደርስ-ኤኤምዲ64 እና ኤንቪዲያ-ቴስላ-470-ድራይቨር ጫኚ። ሄደርሱ (የከርነሉ ፋይሎች) ከሌለ ሞጁሉ (ከርነሉ ውስጥ የሚገባው የድራይቨሩ ክፍል) አይገነባም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ቅንብር) ላይ ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ አጥፊው፤ አለዚያ ከርነሉ ያልተፈረመውን ሞጁል አይቀበልም። የሚወርደው በመቶ ሜጋባይት የሚቆጠር ነው፤ በስልክ ዳታ ከሆነ ፓኬጅሽን አስቀድመሽ እዪ።

ቆጪ፦ እሱ ሁሉ ለኮፒ ቤት ለምን? መብራቱን ነቅለሽ ካርዱን አውጪ፣ የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሰኪ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ሆኖ ስሙ በ“ኤፍ” ካላለቀ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ግራፊክስ አለው፣ ድራይቨሩም ከርነሉ ውስጥ አለ።

ሰባት_ቁጥር፦ ይሄ ጥሩ ነው፣ ለዛሬ ማታ እሱን አስቀድሚ። ካልሆነ ቫር/ሎግ ውስጥ ካለው የኤክስኦርግ (ምስሉን የሚያሳየው ፕሮግራም) ሎግ ድርብ “ኢ” በቅንፍ ያለባቸውን መስመሮች ፎቶ አንስተሽ ላኪ።

አባ_ተርሚናል፦ የፕሮሰሰሩንም ስም አብረሽ ጻፊ።